የመብራት ሒሳብ ሲበዛብን አስቀድመን ቆጣሪውን እንጠይቅ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በሦስተኛ አጀንዳነት የተያዘው የመብራት ሒሳብ ጉዳይ ነው። ይህን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለኮሚቴያችን ከሚቀርቡት አቤቱታዎች ብዙዎቹ በመብራት ሒሳብ የተነሣ አከራይና ተከራይ፣ ጎረቤትና ጎረቤት የተጣሉባቸው ናቸው። የገንዘቡ መብዛት አንድ ችግር ነው፤ በገንዘቡ ምክንያት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ፊቱን ማዟዟሩ ግን የባሰ ችግር ነው። ስለዚህ አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዳሉት ከሥሩ እንጀምር።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው። የመብራት ዋጋ ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ጭማሪ ተደረገበት። በዚያን ጊዜ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተ ሰብ ጭማሪው አልደረሰበትም ነበር። ቀጥሎም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በ4 ዓመት ውስጥ፣ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ አዲስ ታሪፍ ወጣ። እንግዲህ ምንም ሳንጨምር እንዳለፈው ጊዜ ብንጠቀም እንኳን የምንከፍለው ብር ከፍ ማለቱ አይቀርም። ይህ የታወቀ ነው። «ግድቡ ተመርቆ የለም ወይ፣ ለምን አይቀንስም?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደስ ብሎናል፤ የየቤታችን ሒሳብ የሚታሰበው ግን በታሪፉ ነው።

ታሪፉ ደግሞ ደረጃ ደረጃ አለው። አንደኛው እስከ 50፣ ሁለተኛው ከ51 እስከ 100፣ ሦስተኛው ከ101 እስከ 200፣ አራተኛው ከ201 እስከ 300 ኪሎዋት ሰዓት እያለ ይወጣል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። ይህን አንድ ነገር በደንብ ከያዝን አብዛኛው ጭቅጭቃችን ከየት እንደሚመጣ ይገባናል።

ኪሎዋት ሰዓት ማለት ምንድን ነው ለምትሉ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ1,000 ማካፈል፣ ከዚያ በሠራበት ሰዓት ማባዛት ነው። ለምሳሌ 3,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ 2 ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋግር ቤት በ4 ሳምንት 56 ይሆንበታል። ልብ በሉ፤ እንጀራው ብቻውን ከመጀመሪያው ደረጃ አስወጣን ማለት ነው። 1,500 ዋት የሆነ የገላ ውኃ ማሞቂያ በቀን 2 ሰዓት ቢሠራ በወር 90 ነው። የድሮው 100 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 15 ይሆናል፤ በእሱ ፈንታ የሚገባው 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ግን አንድ ተኩል እንኳን አይሞላም። እንግዲህ ልጁ ሬዲዮ ከፈተ፣ ስልክ ቻርጅ አደረገ ብለን ከመቆጣት ይልቅ የሚያሞቀውን ዕቃ ማየት ይሻላል። የሚበላው የሚያሞቀው ነው።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንድ ግቢ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የግቢው ባለቤትና አራት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። በሐምሌ ወር ሒሳቡ ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። ከተከራዮቹ አንዷ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት። ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። መብራቱ ከክፍሏ ተቆረጠ፣ ቤቱንም በአሥራ አምስት ቀን እንድትለቅ ተነገራት። እሷም እያለቀሰች ወደ ኮሚቴው መጣች።

እኛም ሽማግሌዎች ይዘን ሄድን። ባለቤቱን ጋሼን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅናቸው፦ «ይህች ልጅ መጋገር ከጀመረች ስንት ጊዜ ሆናት?» «ሁለት ዓመት» አሉ። «ሒሳቡ የበዛው መቼ ነው?» «በሐምሌ።» እንግዲህ ሁለት ዓመት የኖረ ምጣድ በሐምሌ ብቻ እንዴት ሊጠየቅ ይችላል? ምጣዱ ብዙ እንደሚበላ እርግጥ ነው፤ ለዚያም ከሌሎቹ ተከራዮች የበለጠ ትከፍል ነበር። አዲስ የመጣው ግን ሌላ ነገር መሆን አለበት አልን።

የመብራት ሠራተኛ ጠርተን በየቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ከሶኬት እንዲነቀል፣ አምፖሉም እንዲጠፋ አደረግን። የቆጣሪው ቁጥር ግን ቆሞ አልቀረም፣ ይሄድ ነበር። ሠራተኛው መስመሩን እየተከተለ ሲፈትሽ፣ ወደ ሰርቪስ ቤቶች የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ተልጦ በዝናብ የራሰውን ግድግዳ ነክቶ ተገኘ። ኤሌክትሪኩ ቀንና ሌሊት ወደ መሬት ይፈስ ነበር። በዚያ ግድግዳ ሥር ልጆች ይጫወታሉ! ብሩ ይቅር፣ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችል ነበር። ሽቦው ተቀየረ፣ ሒሳቡም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ጋሼም እንደ አባት ሆነው ይቅርታ ጠየቋት፣ መብራቷም ተመለሰላት። ዛሬም እዚያው ግቢ ውስጥ ትጋግራለች።

ከዚህ በመነሣት ኮሚቴያችን ሒሳብ ሲበዛ በየቤታችን ቢደረግ የሚበጀውን እንደሚከተለው አዘጋጅቷል።

አንደኛ፣ በደረሰኙ ወይም በስልክ በመጣው ሒሳብ ላይ ያለውን የአሁን ንባብ በቆጣሪው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። ሒሳቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቆጣሪው ገና ያልደረሰበት ከሆነ ስሕተት አለ ማለት ነው። በብዙዎቹ የድሮ ቆጣሪዎች ላይ በቀይ ተለይታ ያለችው የመጨረሻዋ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ያለች ናትና አብራ አትቆጠርም።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ የስንት ወር እንደሆነ ማየት ነው። አንባቢው ሲመጣ በር ተዘግቶ ወይም ውሻ ተፈትቶ ሳይነበብ የቀረ ቆጣሪ ኋላ ተጠራቅሞ ይመጣል። በወር 90 የሚጠቀም ቤት በሁለተኛው ደረጃ ነው፤ የሦስት ወሩ 270 እንደ አንድ ወር ከተቆጠረ ግን አራተኛው ደረጃ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን በደብተር መጻፍ፣ በስልክም ፎቶ ማንሣት ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቃውን ሁሉ ነቅሎ ቁጥሩን ጽፎ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ መልካም። ከተንቀሳቀሰ ዋናውን ማጥፊያ ዝቅ አድርጎ እንደገና ማየት ነው። ያን ጊዜ ከቆመ ችግሩ ከቤት ውስጥ መስመር ነውና የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራ። ዋናው ጠፍቶም የሚሄድ ከሆነ ግን ወይ ቆጣሪው ታሟል፣ ወይ ከማጥፊያው በፊት የተጠለፈ መስመር አለ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው። አደራ፣ ቆጣሪውን ማንም እንዳይከፍት፣ ማሸጊያውንም እንዳይነካ! በሕግ ያስጠይቃል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ይገድላል።

አራተኛ፣ አቤቱታ ስናቀርብ ሒሳቡንና የቆጣሪውን ፎቶ ይዘን በጽሑፍ እናመልክት፣ የተቀበለንንም ቀን እንመዝግብ። «ካልተስተካከለ አልከፍልም» ብሎ ዝም ማለት አይጠቅምም፤ ውዝፍ ይከማቻል፣ መስመሩም ይቆረጣል። ሒሳቡ እስኪጣራ ድረስ ምን እንደሚደረግ እዚያው ጠይቆ መለየት ነው። ደብዳቤ መጻፍ ለሚቸግራቸው እኛ እንጽፍላቸዋለን።

አምስተኛ፣ በአንድ ቆጣሪ ስለሚጠቀሙ ግቢዎች ነው። አምስት ቤት እያንዳንዱ በወር 45 ቢጠቀም ለየብቻው በመጀመሪያው ደረጃ ይቀር ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ግን 225 ይሆንና አራተኛው ደረጃ ላይ ይወጣል። ማንም ሳያጠፋ ሁሉም ይጎዳል ማለት ነው! ስለዚህ የሚቻለው ለየቤቱ ቆጣሪ ለማስገባት ያመልክት። እስከዚያ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ጠብ ያበርዳል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ጠቅላላው 240 ኪሎዋት ሰዓት፣ ብሩም 1,200 ቢሆን አንዱ 5 ብር ይደርሳል፤ 60 የተጠቀመ ቤት 300 ብር ይከፍላል። ይህም ካልተቻለ በየቤቱ ያለውን የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉም ባሉበት ቆጥሮ ድርሻውን በወረቀት መፈራረም ነው። አከራዮችም ሙሉውን ሒሳብ ለተከራዮች ቢያሳዩ መተማመን ይመጣል። ሒሳብ አይደበቅም።

ስለ ቁጠባም ሁለት ቃል። ምጣድ አንዴ ከሞቀ ሊጡን ሁሉ በዚያው ሙቀት መጨረስ እንጂ ጠዋት ጥቂት ማታ ጥቂት መጋገር ብዙ ያስበላል። ሁለት ጎረቤት ተነጋግረው በአንድ ቀን ተከታትለው ቢጋግሩ ለሁለቱም ይጠቅማል። የውኃ ማሞቂያ ሲፈለግ ብቻ ይብራ። የፍሪጅ በር ጎማው የላላ እንደሆነ ይቀየር። አምፖል ሲቃጠል በኤል.ኢ.ዲ. ይተካ።

ውድ ነዋሪዎች፣ ታሪፉን እኛ በዚህ ስብሰባ አንቀንሰውም። በእጃችን ያለው ግን ትንሽ አይደለም፤ ቁጥሩን ማንበብ፣ ሽቦውን ማስፈተሽ፣ ድርሻን በግልጽ መካፈል ነው። ሳይጣራ ሰው መጠርጠር፣ ይልቁንም ልጆች ያላትን እናት በጨለማ ማስቀመጥ ከእንግዲህ በሰፈራችን እንዳይሰማ አደራ እንላለን። በመብራት ሒሳብ የተነሣ ቤት ልቀቅ ወይም መብራት ይቆረጥ ከመባሉ በፊት ጉዳዩ ለኮሚቴው ይቅረብ፤ እኛም ቆጣሪው ድረስ መጥተን አብረን እናያለን።

የምትሉት ካለ መድረኩ ክፍት ነው።