ወንድ ልጅና ተው ባይነት
(በናይሮቢ ከተማ ለመምህራን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



 የምናገርበት ጉዳይ፥ ወንዶች ተማሪዎች «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» እየተባለ ስለሚጫንባቸው ነገር እንዲወያዩ መምህር እንዴት ሊረዳቸው እንደሚችል ነው።

ንግግሬን የምጀምረው ጥፋቴን በመናዘዝ ነው። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ከመዛወሬ በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት፥ እናቱ የሞተችበት የ13 ዓመት ልጅ በክፍል ውስጥ አለቀሰ። እኔም ያጽናናሁት መስሎኝ፥ «አይዞህ፥ ወንድ አይደለህም ወይ? የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው» አልሁት። ልጁ እንባውን ጠረገ፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። ከሳምንት በኋላ ከሳቁበት ልጆች የአንዱን ጥርስ በቡጢ ሰበረ። ምክንያቱን ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ወንድ ሁን ብለውኝ የለም ወይ?» ሲል መለሰልኝ። እርሱ ቅጣቱን ተቀበለ፤ ያስተማርሁት እኔ ግን አልተቀጣሁም።

ይህ ጥቂት ነገር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጥቂቱ ሳይታረም ሲቀር ወዴት እንደሚያደርስ ይህች አገር በመራራ ሁኔታ ዐይታዋለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1991 በሜሩ አውራጃ በቅዱስ ኪዚቶ ትምህርት ቤት ወንዶች ተማሪዎች በሌሊት የሴቶቹን መኝታ ቤት ሰብረው ገቡ፤ 19 ልጃገረዶች ሞቱ፤ ብዙዎችም ተደፈሩ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ደግሞ በዚሁ በናይሮቢ፥ በማታቱ መቆሚያ ላይ «ልብስሽ አጭር ነው» በማለት ወንዶች አንዲትን ሴት በአደባባይ ገፈፉ፤ ከዚያም የከተማይቱ ሴቶች በሰልፍ ወጥተው አቤት አሉ። የገፈፈው ጥፋተኛ መሆኑን ማንም አይስተውም። ቆሞ የተመለከተውን፥ ዝም ማለት ወንድነት መሆኑን ያስተማረው ግን ማን ነው?

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የሚገላግለው «ተው ባይ» ይባላል። ተው ባይ የጠፋበት መንደር ደም እንደማያጣ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ወንድ ልጅ በሌላ ወንድ ፊት «ተው» ለማለት እንዲደፍር ማስተማር ይቻላል ወይስ አይቻልም? ይቻላል ለማለት የሚያበቃን ምስክር ከዚሁ ከተማ ይገኛል። ኡጃማ አፍሪካ የተባለው ድርጅት በናይሮቢ የድኾች ሰፈሮች ለሚማሩ ከ15 እስከ 22 ዓመት ለሆናቸው ወንዶች፥ በሳምንት 2 ሰዓት ለ6 ሳምንታት የሚቆይ ትምህርት ሰጠ። ወጣቶቹም ስለ ሴቶች የሚወራውን ሐሰት መረመሩ፤ የሴት ልጅ ፈቃድ ምን እንደ ሆነ ተማሩ፤ ግፍ ሲፈጸም ቢያዩ እንዴት እንደሚያስቆሙም ተለማመዱ። በኋላ የታተመው ጥናት፥ የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ ጣልቃ ገብተው ግፉን ለማስቆም የበቁ መሆናቸውን ገለጠ። ልብ እንበል፤ ትምህርቱ ወንዱን እንደ ወንጀለኛ አልቈጠረውም፤ ሊያድን እንደሚችል ሰው ቈጠረው እንጂ።

እኔም በማሠልጠኛው ሦስት ነገሮችን ሞክሬ ጠቃሚ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በልጅነቱ «ወንድ ነህና» ተብሎ የታዘዘውን ነገር፥ ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ያሰፍራል። «ማጀት አትግባ»፥ «ተመትተህ እንዳትመጣ»፥ «እኅትህ እያለች ውሃ አትቅዳ» የሚሉ ቃላት ይወጣሉ። ሲነበቡ መጀመሪያ ሳቅ ይሆናል፤ ቀጥሎም ጸጥታ ይሆናል። ውይይት የሚወለደው ከዚያ ጸጥታ ነው።

ሁለተኛ፥ መምህሩ ፍርድ አይሰጥም፤ «ይህ ቃል ማንን ጠቀመ? ማንንስ ጎዳ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። አንዱ ተነሥቶ፥ «አባቶቻችን በዚህ አድገው አይደለም ወይ አገር የጠበቁ?» ሊል ይችላል። ይህ በቁም ነገር ሊመለስለት የሚገባ ጥያቄ ነው። ጀግንነትን እናቃልል አንልም፤ ጀግና ለደካማው ጋሻ እንጂ በደካማው ላይ ጦር አለመሆኑን እንለይ እንላለን።

ሦስተኛ፥ ውይይቱ በቃል ብቻ እንዳይቀር ልምምድ ይደረጋል። አንዱ ተሳዳቢ፥ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቆምና፥ ተመልካቹ «ተው፤ ነውር ነው» ብሎ ድምፁን እንዲያሰማ ይታዘዛል። ይህች አጭር ቃል ከጉሮሮ ለመውጣት ምን ያህል እንደምትከብድ፥ ጐልማሶቹ ሠልጣኞች ሲንተባተቡ አይቻለሁ።

ባልደረቦቼ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መምህር ምላሱን ይመርምር። በክፍል ውስጥ «እንደ ሴት አታልቅስ» ብሎ የተቈጣ ሰው፥ በማግሥቱ ስለ መከባበር ቢያስተምር ተማሪው የሚይዘው የትናንቱን ነው።

ያን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም፤ ባገኘው ይቅርታ እለምነዋለሁ። እስከዚያው ዕዳዬን የምከፍለው፥ ከእጄ የሚወጣ አንድም መምህር ያን ቃል ለሌላ ልጅ እንዳይደግመው በመድከም ነው። እናንተም በየክፍላችሁ እንድታግዙኝ በትሕትና እለምናለሁ።