ስለ ዘጋቢ ፊልምና ስለ እኛው ታሪክ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አገራችን ስለተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ የፊልም ባለሙያ እንዳልሆንኩ ገልጬ ነበር። «ተመልካች ነህ፣ እሱ ይበቃል» አሉኝ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ተመልካችና እንደ አባት ነው። ምግቡም እንዳይቀዘቅዝባችሁ ለማሳጠር እሞክራለሁ።

ዘጋቢ ፊልም፣ በተለምዶ ዶኩሜንታሪ የምንለው፣ ተዋናይ የሌለበት፣ እውነተኛ ሰው በእውነተኛ ኑሮው የሚታይበት ፊልም ነው። ይሁን እንጂ እውነተኛ ሰው ታየ ማለት እውነቱ በሙሉ ታየ ማለት አይደለም። ካሜራውን የያዘ፣ ምስሉንም ቆርጦ የቀጠለ ሰው አለና። ይህንን እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችን ላይ ደርሶ አይተነዋል።

በዕድሜ ጠና ያልን ሰዎች እናስታውሳለን። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1973 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ተሸፋፍኖ የቆየው እልቂት ለዓለም ተገለጠ። ያው ፊልም ዓመት ሳይሞላው ወደ እኛ መጣ። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስ እያስገባ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ወገን ግን የራሱ ዓላማ ነበረው።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዜና መጣ። በዚያ ዜና ምክንያት ብዙ እርዳታ ተሰብስቧል፤ ከሞት የተረፈም ወገን አለና ምስጋናችን አይጓደልም። ነገር ግን እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤት «አገርህ ያ የረሃቡ አገር ነው?» እየተባሉ አድገዋል። ሌላው የቀረጸን በክፉ ቀናችን ነበር። ሠርጋችንን፣ ቀልዳችንን፣ ሙግታችንን ማን ይቅረጽልን?

ደግነቱ ይህንን ሥራ ብለው የያዙ የራሳችን ሰዎች አሉ። በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 «አድዋ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። የ1888ቱን ድል በሥዕሎች፣ በዘፈንና በአረጋውያን አንደበት ነው የሚተርከው። ሳሌም መኩሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 በሠራችው ፊልም ወደ ሱዳን የተሰደዱ ሴቶችን ኑሮ አሳየች፤ ቀጥላም «የወንዝ ማዕበል» በተባለው ፊልሟ በአብዮቱ ዘመን ደብዛው ስለጠፋው ወንድሟና ስለተገደለችው የልብ ጓደኛዋ ተረከች። የራስን ቤት ሐዘን ለሕዝብ መግለጥ ትልቅ ድፍረት ነው።

በቅርቡ ደግሞ ሌሎች ተራቸውን ይዘዋል። ጄሲካ በሽር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» ያደገችበትን ሐረርን፣ የጫትን ምርትና ከአገር ለመውጣት የሚያልሙ ወጣቶችን በጥቁርና ነጭ ምስል ያሳያል። ይህንን ፊልም ለመሥራት አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶባታል፤ ማለት የእኛን ማኅበር ዕድሜ ያህል መሆኑ ነው። በካናዳ ያደገችው ታማራ ማርያም ዳዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የአክስቷን የሰላማዊትን ታሪክ ፈልጋ ፊልም ሠራች። ሰላማዊት የአምባሳደር ልጅ ነበረች፤ ከካናዳ ወደ አገሯ ተመልሳ ኢሕአፓ ውስጥ ገባች፤ ከዚያም ጠፋች። ታማራ እንዲህ ያለች አክስት እንደነበረቻት እንኳ ያወቀችው ካደገች በኋላ ነው፤ ቤተሰቡ አያነሣትም ነበርና።

ይህንን ፊልም ከልጄ ጋር ነው ያየሁት። ሲያልቅ ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ? ከእናንተ ቤትስ የጠፋ ሰው አለ?» አለችኝ። ቡናው ቀዘቀዘ ብዬ ተነሣሁ።

አዎ፣ አለ። ታላቅ ወንድሜ ነው። ልጄ እስከዚያን ቀን ስሙን አልሰማችም ነበር።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናገር። ስደት ላይ በነበርኩባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናቴ በሰው እጅ ካሴት ላከችልኝ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ይከፈታል ተብሎ ይፈራ ስለነበር የልቧን የነገረችኝ በካሴቱ ነው። ወንድሜን ከቤት የወሰዱበትን ሌሊት፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ ደጃፉ ላይ ምን ብሎ እንደተለያት፣ ሁሉንም ተርካልኛለች። አንድ ጊዜ ሰማሁት፤ ሁለተኛ ለመስማት አቅም አጣሁ። በዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ጭፈራ ባዶ ካሴት ሲጠፋ እኔው ራሴ ዘፈን ቀዳሁበት። እናቴ ካረፈች በኋላ ካሴቱን ፈልጌ አገኘሁት። ዘፈኑ ሲያበቃ የቀረው «በል እንግዲህ ደህና ሁን ልጄ» የሚለው ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጄን ጠርቼ «ስልክሽን አምጪና ቅረጪኝ» አልኳት። የማስታውሰውን ሁለት ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ያለቀስኩበትም ቦታ አለ፤ እንዳለ ይቀመጥ ብያታለሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየወሩ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት እናት ታሪክ እንቅረጽ። ቀራጮቹ በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የተማሩ ወጣቶች ይሁኑ። ለዚህ ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። ልብ ልንላቸው የሚገቡ አራት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ ድምፅ ከምስል ይበልጣልና ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ስልኩንም ወደ ተናጋሪው አስጠጉት። ሁለተኛ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚዘጋ ጥያቄ አትጠይቁ። «ያደጉበት ቤት ምን ይመስል ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ሌላው ራሱ ይከተላል። ዝም ሲሉም አትቸኩሉ፣ ጠብቁ። ሦስተኛ፣ ሳያስፈቅዱ ለማንም ማሳየት አይገባም። አገር ቤት ያለ ዘመድ ሊጎዳ ይችላል፤ «ይህ ለቤተሰብ ብቻ ነው» ያሉት ለቤተሰብ ብቻ ይቆይ። አራተኛ፣ የተቀረጸውን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። እኔ የነበረኝ አንድ ካሴት ብቻ ነበር።

በሐሳብና በፖለቲካ የማንስማማ ብዙዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለን አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ፊት ለፊት ቆመን የነበርንም አለን። ሁሉም የየራሱን ይናገር። ማን ልክ እንደነበረ ልጆቻችን አዳምጠው ይፍረዱ፤ ለመፍረድ ግን መጀመሪያ መስማት አለባቸው።

ባለፉት አሥር ዓመታት በዚህ ማኅበር ለቅሶ ደርሰናል፣ ሠርግ ደግሰናል፣ ለተቸገረ አዋጥተናል። የቀበርናቸውን ወገኖቻችንን ስቆጥር የአንዳቸውም ድምፅ በእጃችን የለም። ለሚቀጥለው ዓመት በዓል ቢያንስ የአሥራ ሁለት ሰው ታሪክ ይዘን፣ ቡና አፍልተን፣ አብረን እንድናይ አደራ እላለሁ።