ከብት በድንገት ሲሞት

ዛሬ ስለ አባ ሰንጋ እናገራለሁ።

ማታ ደህና የገባ በሬ ጠዋት ሞቶ ካገኛችሁት፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጠቆር ያለ ደም ከወጣ ጠርጥሩ። አትግፈፉት፣ አትክፈቱት። በሬሳው ያለው ጀርም አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ያበጅና አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። «በደንብ ከተቀቀለ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ገና ቆዳው ሲገፈፍና ብልት ሲወጣ በእጅ ጭረት ይገባል እኮ!

ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የሚያስቸግረው ኪሳራው ነው። በሬ ማለት የዓመት እርሻ ነው፤ ባለቤቱ ሥጋውን በቅርጫ አከፋፍሎ፣ ቆዳውን ሸጦ ጥቂት ላትርፍ ቢል አልፈርድበትም። ስለዚህ በሽታው ሳይመጣ በየዕድራችሁ ተነጋገሩ። በሬውን ሳይነካ ለሚቀብር አባል እያንዳንዳችሁ ስንት ታዋጣላችሁ? ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ማን ይደውላል? ጉድጓዱንስ እነማን ይቆፍራሉ? ጥልቀቱ 2 ሜትር ይሁን፤ ውሻ እንዳይቆፍረው ላዩ ላይ እሾህና ድንጋይ ይደረግ። በሽታው በታየበት ቀበሌ ክትባቱ በየዓመቱ ነው፤ አንዲት ጥጃ እንኳ አታስቀሩ።

ሬሳውን የነካ ሰው መሃሉ የጠቆረ ቁስል ካወጣ፣ ባያመውም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒት አለው።