ከጣቢያው እስከ ደጃፍ



ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በቨርጂኒያ የሚገኘው ታይሰንስ በሁለት አውራ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የበቀለ የንግድ ሠፈር ነው። ትልቁ የገበያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1968 ከተከፈተ ወዲህ ሠፈሩ የተስፋፋው ለባለመኪና ነበር። ቀን በሠራተኛ ሲጨናነቅ ይውል ነበር፤ ማታ ጭር ይል ነበር።

የፌርፋክስ አውራጃ አስተዳደር በ2010 ያጸደቀው ፕላን ይህን ለመለወጥ የታቀደ ነው። እስከ 2050 ድረስ 100,000 ነዋሪና 200,000 የሥራ ቦታ እንዲኖር፣ የዕድገቱም ሦስት አራተኛ ከባቡር ጣቢያ ከግማሽ ማይል እንዳይርቅ ታስቧል። በ2014 አራት ጣቢያዎች ተከፈቱ።

ይሁን እንጂ ባቡር ሰውን ከጣቢያው እንጂ ከደጃፉ አያደርስም። የእግረኛው ድልድይ ሰፊውን ጎዳና ያሻግረዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከባድ ሆኖ የቆየው ሥራ ሰፋፊውን ይዞታ በውስጥ ለውስጥ መንገዶች መሸንሸን ነው። መሬቱ በአብዛኛው የግል በመሆኑ፣ አዲሱ መንገድ የሚከፈተው ባለይዞታው አዲስ ሕንጻ ሲሠራ ነው። ጎረቤቱ ካልሠራ የእግረኛው መንገድ እመካከል ላይ ይቋረጣል።

እንግዲህ ባለሙያ ሊለካው የሚገባው የፎቁን ከፍታ ሳይሆን የዚህን መንገድ መቀጠል ነው። አንዲት አረጋዊት ከጣቢያው እስከ ደጃፏ ያለ ሥጋት ካልሄደችበት፣ ፕላኑ ገና ከወረቀት አልወረደም።