የግቢያችን የመብራት እንጨት ሲዘም



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ እንጨት ነው። እንጨቱ የቆመው በግቢያችን ውስጥ ነው። የመብራት ሽቦ ተሸክሟል። በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፤ ቀና ብለን ግን አናየውም። ልጆች ዙሪያውን ይሯሯጣሉ። ፍየል ይታሰርበታል። የልብስ ማስጫ ገመድ ይወጠርበታል።

ለመሆኑ ይህ እንጨት የማን ነው? በመንገድ ዳር የቆመው ረጅሙ ምሰሶ የመብራት ኃይል ነው። መሥሪያ ቤቱ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኗል፤ ሰው ግን ዛሬም መብራት ኃይል ይለዋል። ቤታችን ከመንገዱ ራቅ ያለ ከሆነ ሽቦው መሐል ላይ ደጋፊ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለቤቱ የባሕር ዛፍ ግንድ ገዝቶ በግቢው ያቆማል። የመንገዱን ምሰሶ የሚከታተል ሠራተኛ አለ። የግቢውን እንጨት የሚከታተል ግን ከባለቤቱ በቀር ማን አለ?

እንጨት መበስበስ የሚጀምረው ከየት ይመስላችኋል? ከሥሩ ነው፤ ይኸውም አፈሩና አየሩ ከሚገናኙበት ቦታ። እንጨትን የሚያበሰብሰው እንደ ሻጋታ ያለ ነገር ነው። ይህ ነገር እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከላይ አየር አለ፤ ነገር ግን ፀሐይ እንጨቱን ያደርቀዋል። ከመሬት በታች ጠለቅ ሲል እርጥበት አለ፤ አየር ግን ያንሳል። ከአፈሩ አፍ ላይ ግን ሁለቱም አሉ። ምስጥም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ምስጥ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ውጪውን ትቶ ውስጡን ይበላል። ከውጪ ሲያዩት እንጨቱ ደህና ይመስላል።

እስቲ በደረቅ ቀን ሥሩን እዩት። የምስጥ ጭቃ ተለጥፎበታል? ተሰነጣጥቋል? እንጨቱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሽቦውም ያልረገበ ከሆነ፣ በደረቅ ዱላ ሥሩን መታ መታ አድርጉና አዳምጡ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተቦረቦረው ግን እንደ ባዶ ጋን ዱም ዱም ይላል። አስቀድሞ የዘመመ ከሆነ አትምቱት፣ አትግፉት፣ ሥሩንም አትቆፍሩ። በዓይን ማየት ይበቃል። በራችሁ ላይ ቆማችሁ ከቤቱ ማዕዘን ጋር አስተያዩት። በሳምንቱ ከዚያው ቦታ ቆማችሁ እንደገና እዩት። ዋልካ አፈር ያለበት አገር የምትኖሩ በተለይ ልብ በሉ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ጤነኛውንም እንጨት ያንጋድደዋል።

አንዲት እናት በማታ ትምህርት ላይ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፤ «የእኔ እንጨት ሥሩ አልቋል ይሉኛል። ሦስት ክረምት አለፈው፣ አልወደቀም። ታዲያ ምን ያስፈራል?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን በደንብ እንስማው። እንጨቱ ሽቦውን ይዞታል እንላለን። ሥሩ ሲያልቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሽቦው እንጨቱን ይይዘዋል። ሽቦው በአንድ ወገን ከመንገዱ ምሰሶ፣ በሌላው ወገን ከቤቱ ጋር ተወጥሯል። የበሰበሰው እንጨት በመሐል ተንጠልጥሎ ይቆማል። ሦስት ክረምት ያቆመው ይኸው ነው።

አሁን አንድ የሰፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጠራለን። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ውጣና አስተካክልልን» እንለዋለን። ልጁ መሰላሉን በእንጨቱ ላይ አስደግፎ ይወጣል። ሽቦውን ይፈታል። በዚያች ቅጽበት እንጨቱን የያዘው ነገር ተፈታ ማለት ነው። እንጨቱ ከነልጁ ይወድቃል። በሙያው የቆየ ሠራተኛ ይህን ስለሚያውቅ፣ ሥሩን ሳይመረምርና እንጨቱን በጠንካራ ገመድ ሳያስይዝ አይወጣም። «ግዴለም፣ እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለውን ሰው በግቢያችሁ አታስወጡ። ስለ ዋጋው ርካሽነት ብላችሁም አታስወጡ።

ሌላው ነገር ቆጣሪው ነው። ብዙ ሰው ማጥፊያውን ወደ ታች ካደረገ በግቢው ያለው ሽቦ ሁሉ ኮረንቲ የሌለው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ኮረንቲው ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ቆጣሪው ይገባል፤ ከቆጣሪው ወደ ማጥፊያው፣ ከማጥፊያው ወደ ቤት ይሄዳል። ማጥፊያው የሚያቋርጠው ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ቆጣሪያችሁ በቤቱ ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ በግቢው እንጨት ላይ ያለው ሽቦ ከቆጣሪው በፊት ያለ ነው። ቤቱ ሁሉ ቢጨልምም በዚያ ሽቦ ላይ 220 ቮልት አለ። ሰው ለመግደል ይበቃል። እሱን የሚያጠፋው መብራት ኃይል ብቻ ነው። ቆጣሪው በአጥሩ በር አጠገብ ሆኖ፣ እንጨቱ ሽቦውን ከዚያ ወደ ጓሮ ቤት የሚያሳልፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ማጥፊያው ያጠፋዋል። ያም ሆኖ ጎረቤት ከሌላ ቆጣሪ በዚያው እንጨት ላይ ሽቦ አሳልፎ እንደሆነ አጣሩ። ስለዚህ ዛሬውኑ ወጣ በሉና ሽቦውን በዓይናችሁ ተከተሉት። ከየት መጥቶ የት ይገባል?

እንጨቱ ከወደቀስ? ሁሉም ሰው 10 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ይህም ወደ 15 እርምጃ ነው። ልጆችንና ከብቱን አርቁ። ሽቦው ብልጭ አላለም ብላችሁ አትጠጉ። ሽቦው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ካረፈ ጣሪያው በሙሉ ኮረንቲ ሊይዝ ይችላል። የብረት አጥርና የሽቦ ልብስ ማስጫም እንዲሁ ናቸው። ሽቦው በአጠገባችሁ ከወደቀ አትሩጡ። እግሮቻችሁን አጠጋግታችሁ፣ ከመሬት ሳታነሡ፣ ቀስ እያላችሁ ራቁ። ሰው ኮረንቲ ቢይዘው በእጅ አትንኩት። በያዛችሁት ዱላም አትመኑ፤ በዝናብ ጊዜ ደረቅ የመሰለ እንጨት ውኃ ይዟል። ማጥፊያው የሚያቋርጠው ሽቦ ከሆነ አጥፉ፤ ካልሆነ ፈጥናችሁ ወደ መብራት ኃይል በ905 ደውሉ።

አዲስ እንጨት ስትገዙ እርጥቡን አትግዙ። ልጡ የተላጠ፣ በደንብ የደረቀ፣ ቢቻል በመድኃኒት የተነከረ ይሁን። ሥሩን በእሳት መለብለብ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን እስከ ልቡ ድረስ አይጠብቀውም። የጉድጓዱን ጥልቀት በሒሳብ እናገኘዋለን። የእንጨቱን ርዝመት ለ10 አካፍሉ፤ ከዚያ 60 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። እንጨቱ 7 ሜትር ቢሆን፣ 70 ሲደመር 60፣ 130 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አፈሩን በአንድ ጊዜ አትሙሉት። ስንዝር ያህል እየጨመራችሁ ጠቅጥቁት። ውኃ እንዳይቋጥር በሥሩ ዙሪያ አፈሩን ከፍ አድርጉት። ቆሻሻና ፍግ አታከማቹበት። በአንድ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ጎረቤቶች ካላችሁ ወጪውን ተካፈሉ፤ ጉዳዩ በእድር ስብሰባ ቢነሣ ነውር የለውም። አሮጌው እንጨት የሚነቀለውና ሽቦው የሚዛወረው ግን መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ነው።

መስመሩ እንዲቋረጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ለማመልከቻ ጸሐፊ ገንዘብ መክፈል የለባችሁም። ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። የቆጣሪውን ቁጥር ከቆጣሪው ላይ አንብባችሁ ገልብጡ። ከዚያ እንዲህ ጻፉ፤

«ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት።
እኔ ……………… በ……………… ወረዳ፣ በቤት ቁጥር ……… ነዋሪ ነኝ። የቆጣሪዬ ቁጥር ……………… ነው። ወደ ቤቴ የሚገባውን ሽቦ የተሸከመው የግቢዬ እንጨት ሥሩ በስብሶ ዘምሟል። የዘመመው ወደ ……………… ነው። አዲስ እንጨት አዘጋጅቻለሁ። መስመሩ ለጊዜው ተቋርጦ ሽቦው በባለሙያ እንዲዛወርልኝ አመለክታለሁ።
ቀን ………… ፊርማ …………»

እንጨቱ ወደ ቤት፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት መዝመሙን ጽሑፉ ላይ ግለጹ፤ መሥሪያ ቤቱ የጉዳዩን አጣዳፊነት የሚያየው ከዚያ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፉት። አንዱን ስታስገቡ በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ጠይቁ። ያን ቅጂ ከቤት አኑሩት። ሠራተኛው እስኪመጣ ድረስ ፍየሏን ከእንጨቱ ፍቷት፤ የልብስ ማስጫውንም ወደ ሌላ ቦታ አዙሩት።

ደህና ሰንብቱ።