አዙሪትና የተጨናነቀ ፕሮሰሰር፦ በኔትወርክ ስዊቾች ላይ መንስኤን ከውጤት ስለ መለየት



የዛሬው ርዕስ ሲሰማ የጥገና ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። በአንድ ተቋም ኔትወርኩ በድንገት ይዝላል፤ ባለሙያው ወደ ስዊቹ ገብቶ ሲመለከት ፕሮሰሰሩ 99 በመቶ ተይዞ ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግን ከመሣሪያው አልፎ የአመክንዮ ጥያቄ ይሆናል። ኔትወርኩ የታወከው ፕሮሰሰሩ ስለተጨናነቀ ነው ወይስ ፕሮሰሰሩ የተጨናነቀው ኔትወርኩ ስለታወከ ነው? አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ሥሩን ሳይለይ ቅርንጫፉን የሚቆርጥ ባለሙያ ችግሩን ለነገ ያሳድረዋል እንጂ አይፈታውም።

አስቀድመን ፕሮሰሰሩ በስዊች ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ስዊች ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው ፍሬሞችን ከአንድ ፖርት ተቀብሎ ወደ ሌላው ማስተላለፍ ሲሆን፣ ይህን የሚያከናውኑት ለዚሁ ተግባር ብቻ የተሠሩ ቺፖች ናቸው። ሁለተኛው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ከጎረቤት ስዊቾች ጋር የቁጥጥር መልእክት መለዋወጥ፣ ለስዊቹ ለራሱ የተላኩ ጥያቄዎችን መመለስ፣ የክትትል ሶፍትዌሮችን ማስተናገድና መዝገብ መያዝ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚወድቁ ተግባራት ናቸው። ስለሆነም በስዊቹ የሚያልፈው መረጃ መብዛቱ ብቻውን ፕሮሰሰሩን አያደክመውም። ፖርቶቹ በሙሉ በሥራ ተወጥረው ሳለ ፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ሊገኝ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ «ቺፖቹ ሊጨርሱት ያልቻሉት፣ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚገፋ ነገር ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ የሚገባን በዚህ ምክንያት ነው።

ከመልሶቹ ዋነኛው በተለምዶ «ሉፕ» የምንለው አዙሪት ነው። የአይፒ ፓኬት በጉዞው ላይ በእያንዳንዱ ራውተር የሚቀነስ የዕድሜ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ከ255 አይበልጥም፤ ዜሮ ሲደርስም ፓኬቱ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ዕድሜ የለውም። ሦስት ስዊቾች በሦስት ማዕዘን ቢገናኙና ተቆጣጣሪ ባይኖር፣ ለሁሉም የተላከ አንድ የብሮድካስት ፍሬም በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። አራት ስዊቾች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ቢገናኙ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እያንዳንዱ ስዊች አንድ ቅጂ ተቀብሎ ሁለት ስለሚያስተላልፍ፣ በ20 እርምጃ ብቻ የቅጂው ብዛት ከ1 ሚሊዮን ያልፋል። በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር በአነስተኛ ፍሬሞች ቢሞላ በየሰከንዱ 1,488,095 ፍሬም ይሸከማል። ስዊቹ በዚያው ክፍል ውስጥ የራሱ የአይፒ አድራሻ ካለው፣ ብሮድካስቱ ለእርሱም የተላከ ነውና ወደ ፕሮሰሰሩ ይጎርፋል።

ይህን አደጋ ለመከላከል ራዲያ ፐርልማን በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ በ1985 እ.ኤ.አ. የስፓኒንግ ትሪ ፕሮቶኮልን ነደፈች። ሐሳቡ እጅግ ግልጽ ነው። ስዊቾቹ መልእክት ተለዋውጠው አንዱን ሥር አድርገው ይመርጣሉ፤ ከዚያም አዙሪት የሚፈጥሩትን ትርፍ መስመሮች ዘግተው ኔትወርኩን የዛፍ ቅርጽ ያስይዙታል። በዋናው መስፈርት መሠረት መልእክቱ በየ2 ሰከንዱ ይላካል። የተዘጋ ፖርት ያለው ስዊች ለ20 ሰከንድ ከጎረቤቱ ምንም ካልሰማ «መንገዱ ተቋርጧል» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ 15 ሰከንድ ጠብቆ ፖርቱን ይከፍታል።

የጉዳዩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። እነዚያን መልእክቶች የሚያዘጋጀው ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩ በሌላ ምክንያት ቢጠመድና ለ20 ሰከንድ መልእክት መላክ ቢሳነው፣ ጎረቤቱ ዝምታውን እንደ ሞት ይቆጥረዋል። በ50ኛው ሰከንድ ገደማ የተዘጋው ፖርት ይከፈታል፤ አዙሪት ይፈጠራል፤ አዙሪቱም ቀድሞውኑ የደከመውን ፕሮሰሰር ፈጽሞ ያሽመደምደዋል። በኋላ የመጣው ሻለቃ የፊተኛውን ግብር ይዞ ስለሚቀጥል፣ ዘግይቶ የደረሰ መርማሪ የሚያየው እርስ በርስ የሚመጋገቡ ሁለት ችግሮችን ብቻ ነው። አዲሱ የፕሮቶኮሉ ዝርያ ሦስት መልእክት፣ ማለትም 6 ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚታገሥ፣ ፈጣን የመሆኑን ያህል ለዝምታ ያለው ትዕግሥት አጭር ነው።

ጉዳዩ የሰው ሕይወትን እስከ መንካት እንደሚደርስ በቦስተን ከተማ የሚገኘው የቤዝ እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማእከል ታሪክ ያስረዳል። ማእከሉ በ1996 እ.ኤ.አ. ሁለት ሆስፒታሎች ተዋሕደው የመሠረቱት ሲሆን፣ ኔትወርኩም በመቀጣጠል ያደገ ነበር። በኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. የስፓኒንግ ትሪው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሐኪሞችና ነርሶች ለቀናት ወደ ወረቀት ተመለሱ። መስፈርቱ በተለመዱት የጊዜ ልኬቶች ከዳር እስከ ዳር ከ7 ስዊች በላይ እንዳይኖር ይመክራል፤ የማእከሉ ኔትወርክ ግን ይህን ወሰን አልፎ ነበር። መፍትሔው አንድ ወጥ የነበረውን ሰፊ ኔትወርክ በራውተሮች መከፋፈል ሆነ። በጊዜው የመረጃ ሥርዓቱ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃላምካ ታሪኩን ሳይሸሽጉ ለሕዝብ ማካፈላቸው ለሙያው ትልቅ ውለታ ነው። ከትምህርቶቹ አንዱ፣ በኔትወርክ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ በጥብቅ ሥርዓት መመራት አለበት የሚል ነው።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንለፍ። የመጀመሪያው እርምጃ በኮንሶል ኬብል ከስዊቹ ጋር በቀጥታ መገናኘት ነው። ከሩቅ የሚደረግ ግንኙነት በታመመው ኔትወርክና በታመመው ፕሮሰሰር በኩል ማለፍ ስላለበት አስተማማኝ አይሆንም።

ሁለተኛው የፕሮሰሰሩን ቁጥር በትክክል ማንበብ ነው። በብዙ የሲስኮ ስዊቾች ላይ ቁጥሩ በእዝባር ተለያይቶ በጥንድ ይታያል። የፊተኛው ጠቅላላ ጭነቱን ሲያሳይ፣ የኋለኛው ከዚያ ውስጥ በሚጎርፉ ፓኬቶች ምክንያት የመጣውን ድርሻ ያሳያል። ሁለቱም ከፍተኛ ከሆኑ ጥርጣሬው ወደ ትራፊክ ያዘነብላል። የፊተኛው ብቻ ከፍ ካለ ሥራውን የያዘውን የውስጥ ፕሮግራም በስሙ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛው የስዊቹን መዝገብ መመርመር ነው። አንድ የማክ አድራሻ በሰከንዶች ልዩነት አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ፖርት እየታየ «ሲመላለስ» ከተመዘገበ፣ ይህ የአዙሪት ጠንካራ ምልክት ነው። ተጠቃሚው ከሽቦ አልባ ጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዘዋወርም ተመሳሳይ መልእክት ሊታይ ስለሚችል፣ የአድራሻዎቹን ብዛት ማመዛዘን ያስፈልጋል።

አራተኛው በየፖርቱ የሚገባውንና የሚወጣውን ብሮድካስት ማነጻጸር ነው። በአዙሪት ጊዜ ሁሉም ፖርት የሚነድ ስለሚመስል ጀማሪው ግራ ይጋባል። ብዙ ብሮድካስት የሚወጣበት፣ ነገር ግን ጥቂት የሚገባበት ፖርት ተጎጂ ነው። በብዛት የሚገባበት ፖርት ግን ወደ ምንጩ ያመለክታል። መርማሪው የሚገባውን ተከትሎ ከስዊች ወደ ስዊች ቢሄድ፣ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከጠረጴዛ ሥር ወደ ተቀመጠ፣ ስፓኒንግ ትሪ ወደማያውቅ አነስተኛ ስዊች ወይም ሁለቱም ጫፎቹ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰኩ ኬብል ነው።

አምስተኛው የተጠረጠረውን አንድ ፖርት ዘግቶ ውጤቱን ማየትና ሰዓቱን መመዝገብ ነው። አምስት ኬብል በአንድ ጊዜ የነቀለ ሰው ኔትወርኩ ቢመለስለትም የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ስዊቹን አጥፍቶ ማስነሣትም እንዲሁ ነው፤ በማስታወሻው ውስጥ ብቻ የነበረው መዝገብ አብሮ ይጠፋል። መዝገቡ ወደተለየ ሰርቨር እንዲላክና የስዊቾቹ ሰዓት አንድ እንዲሆን አስቀድሞ ማድረግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። መንስኤ ከውጤት ይቀድማልና፣ የተዘጋው ፖርት የተከፈተበት ሰዓት ከአድራሻዎቹ መመላለስ በፊት መሆኑን፣ የፕሮሰሰሩ መጨናነቅ ደግሞ ከሁለቱም በፊት መሆኑን የሚነግረን ሌላ ምስክር የለም።

አድራሻዎች የማይመላለሱ፣ የሚገባውም ብሮድካስት መደበኛ ከሆነ አዙሪት ፍለጋውን ትተን ሌላ እንጠይቅ። የክትትል ሶፍትዌር ስዊቹን ያለ ዕረፍት እየጠየቀው ይሆን? በቫይረስ የተያዘ ኮምፒውተር አድራሻዎችን በተራ እየጠራ ይሆን? ወይስ የተጠቃሚዎች ኮምፒውተሮች በበሩና በጠፉ ቁጥር ስዊቾቹ «የኔትወርኩ ቅርጽ ተለወጠ» እያሉ እየተጯጯሁ ይሆን? በመጨረሻው ሁኔታ የማክ አድራሻዎች የመቆያ ጊዜ ከ300 ሰከንድ ወደ 15 ሰከንድ ስለሚወርድ፣ ለአንድ ሰው የተላከ ፍሬም በየፖርቱ ይረጫል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ስዊቾች ሁሉ በአንድነት በሚነሡበት ሰዓትም ጊዜያዊ ጭነት መታየቱ የሚጠበቅ ነው።

መከላከሉ ከምርመራው ይረክሳል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወደ ተጠቃሚ በሚሄዱ ፖርቶች ላይ የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ሲሰማ ፖርቱን የሚዘጋውን ጥበቃ ማብራት፣ ለብሮድካስት ጣሪያ ማበጀት፣ ሥር የሚሆነውን ስዊች በዕጣ ሳይሆን በውሳኔ መምረጥ፣ ወደ ፕሮሰሰሩ ለሚሄደው ትራፊክ ገደብ ማድረግና ኔትወርኩን በራውተሮች በትናንሽ ክፍሎች ማካለል ይገባል። የመጨረሻው እርምጃ አዙሪት ቢፈጠር እንኳ ጉዳቱ በአንድ ሕንጻ ተወስኖ እንዲቀር ያደርጋል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ትእዛዞቹ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ይለያያሉ፤ በጊዜ ብዛትም ይለወጣሉ። የማይለወጠው ሥርዓቱ ነው፤ ማስረጃን ሳያጠፉ መመልከት፣ ቅደም ተከተልን መመዝገብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ።