ስድስት ክር፣ ስድስት መትረየስ

ስትራቶካስተር ጊታርና ኤፍ-86 ሴበር ተዋጊ ጄት የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት በካሊፎርኒያ፣ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ነው። ሴበርን ኢንግልውድ የነበረው ኖርዝ አሜሪካን ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ አበረረው። ስትራቶካስተር ከሊዮ ፌንደር የፉለርተን ፋብሪካ በ1954 ወጣ። ኢትዮጵያም ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። አየር ኃይሏ ከ1960 ጀምሮ ሴበርን ከደብረ ዘይት አብርሯል፤ በ1961 በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ድረስ አዝምቷል። በዚያው ዘመን ኤሌክትሪክ ጊታር በአዲስ አበባ ባንዶች እጅ ገባና ድምፁ በሸክላ ተቀርጾ ከፒያሳ ሙዚቃ ቤቶች ደጃፍ ይሰማ ጀመር። የኢቤክስና የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም በዚህ መሣሪያ ከታወቁት አንዱ ነው።

አድማጮች ደጋግመው የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፤ ያረጀውን ሁሉ ክላሲክ ይሉታል። ዕድሜ ብቻውን ክላሲክ አያደርግም። ጊታርም ሆነ አውሮፕላን ይህን ስም የሚያገኘው ተከታዮቹ አሠራሩን ሲወርሱና እሱም እየተጠገነ ሥራውን ሲቀጥል ነው።

ለመጠገን የተመቸ ጊታር የመጣው ከጥገና ቤት ነው። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሙያው ሬዲዮ መጠገን ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ደግሞ የተበላሸውን ዕቃ ነቅሎ ሌላ ይተካል እንጂ ሣጥኑን አይጥልም። የስትራቶካስተር አንገት (ኔክ) ከገላው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ ከተጣመመ ተፈትቶ ሌላ ይገጠማል። ሴበርም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ሲቀየር የኋላው አካል ከነጅራቱ ተነቅሎ ይጎተትና ሞተሩ ራቁቱን ይቀራል።

በ1952 የወጣው የጊብሰን ሌስ ፖል መንገዱ ሌላ ነው። ኔኩ በኮላ ተጣብቋል፤ ማሆጋኒው ላይ ሜፕል ተደርቧል። ወንድሙ የእንግሊዙ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየር ነው፤ ሞላላ ክንፉ ለዓይን ያማረ፣ ለሠራተኛ ግን አድካሚ ነበር።

አውሮፕላንን ሞተሩ፣ ጊታርን ፒክአፑ ይለውጠዋል። መስታንግ የተባለው ተዋጊ የሮልስ ሮይስ ሜርሊን ሞተር ከተገጠመለት በኋላ ከፍታ ላይ ሌላ አውሮፕላን ሆኗል። ሌስ ፖልም በ1957 ሃምበከር የተባለ ፒክአፕ ሲገባለት ጩኸቱ ጠርቶ ድምፁ ወፍሯል።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተት ይመጣል፤ አድማጮች ፒክአፕ ማይክሮፎን ይመስላቸዋል። ፒክአፕ ማግኔትና በብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ማግኔቱ ፊት ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ አራት ኪሎ የሳይንስ ካምፓስ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ የሚያጠናው የፋራዳይ ሕግ ነው። የጅማት ክር ባለው ክራር ላይ ይኸው ፒክአፕ ቢገጠም ዝም ይላል፤ ጅማት ማግኔት አይነካውምና። ደግሞ ይነገር፤ ፒክአፕ ማይክሮፎን አይደለም።

ንጽጽሩ የሚያበቃው ድካም ላይ ነው። ሴበር ስድስት መትረየሱን ተሸክሞ በበረረ ቁጥር ብረቱ ይዝላል፤ ስለዚህ ዕድሜው በበረራ ሰዓት ይቆጠራል። ባለ ስድስት ክሩ ጊታር የሚያልቅበት ኔኩ ላይ የተተከለው የብረት ዘንግ፣ ፍሬት፣ ነው፤ እሱም ይቀየራል። ደጋው አየርም እኩል አይነካቸውም። ደብረ ዘይት ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ስለምትል በስስ አየሯ ጄት ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ጊታርን የሚፈታተነው ግን የክረምቱ እርጥበት ነው። እንጨቱ ያብጣል፣ ኔኩ ይጎብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል። ጊታሩን ከግድግዳ አርቆ ሣጥኑ ውስጥ ማኖር፣ ኔኩ ውስጥ የተቀበረውን ትረስ ሮድ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አለማዞር ይበቃል።

አሮጌ ጊታር ሲገዛም ከዓመተ ምሕረቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፦ ኔኩ ቀጥ ማለቱ፣ ፍሬቱ አለማለቁ፣ ብሎኖቹ ያለ ችግር የሚፈቱ መሆናቸው።